ደሞዝ 30 ላይ፣ ቼኩ ኅዳር ላይ፦ የሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ሂሳብ

ድሬ ላይ "ኤጀንሲ ከፈትኩ" ብለህ ተናገር፤ የሚከተለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። "ለዱባይ ነው ለሳዑዲ?" "ኧረ እዚሁ ነው፣ ለድሬ" ስትል የሰውየው ፊት ቀዝቀዝ ይላል። "አሃ፣ ደላላ ሆንክ በለኛ አቦ!"

ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሻይ እየጠጣሁ ይህንን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ አላውቅም። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ምን ይሠራል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ለምንድነው ሥራ የሞላለት፣ አዲስ ውል በየወሩ የሚፈርም ድርጅት ድንገት ደሞዝ መክፈል አቅቶት በሩን የሚዘጋው? እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ የምጽፈው ለመጨረሻው ጥያቄ ብዬ ነው። እኔም አንዴ በሩ ጋ ደርሼ ነው የተመለስኩት።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ወደ ውጭ አገር ሠራተኛ መላክ ሌላ ሕግ፣ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ዓለም ነው። እሱን እንተወው። አገር ውስጥ ያለው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ስር ነው የሚተዳደረው፣ ሁለት መልክም አለው። አንደኛው ማገናኘት ነው፦ ሆቴሉ ምግብ አብሳይ ፈለገ፣ አንተ አገኘህለት፣ ሆቴሉ ቀጠረው፣ የድካምህን ተቀበልክ፣ ተለያያችሁ። ሁለተኛው ሠራተኛውን አንተው ቀጥረህ ለሌላ ድርጅት ማሰማራት ነው። ልጁ በየቀኑ የሚውለው መጋዘኑ ውስጥ ነው፣ አሠሪው ግን አንተ ነህ። ደሞዝ፣ ጡረታ፣ ዓመት ፈቃድ፣ ጉዳት ቢደርስበት ካሳው፣ ቢከስስህ ፍርድ ቤት መቆሙ፣ ሁሉም ያንተ ነው።

ከደላላ የምትለየውም በአንድ ነገር ነው። ከሠራተኛው ምንም አትቀበልም። "ለፎርም"፣ "ለምዝገባ"፣ "የመጀመሪያ ደሞዝህ ግማሹ" የሚባል ነገር የለም። ሕጉ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝን ሲተረጉም ራሱ "ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል" ብሎ ነው የሚጀምረው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነትም ይህንኑ ይላል። የሚከፍልህ አሠሪው ብቻ ነው። ደብተር ይዞ ጥግ ላይ የሚቆመው ደላላችን ከሁለቱም ወገን ይበላል፣ አንተ ከአንድ ወገን። ስለዚህ ከዚያ ከአንዱ ወገን የምትጠይቀውን ዋጋ በትክክል ማስላት አለብህ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

እስቲ ብዕር እንያዝ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ አንተ የራስህን ተካበት።

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ በወር 6,000 ብር ይከፈለዋል እንበል። አሠሪው የሚያዋጣው ጡረታ 11 በመቶ ነው፣ 660 ብር። ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጠው 7 በመቶ ከ6,000ው ውስጥ ስለሆነ እዚህ አይደመርም። 6,660 ደረስን። አብዛኛው ጀማሪ እዚህ ጋ ቆም ይልና "እንግዲህ ትንሽ ልጨምርበት፣ 7,000 ልበል" ይላል።

ቆይ፣ አልጨረስንም። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ፈቃድ ሲወጣ ደሞዙ አይቋረጥም፣ ደንበኛው ደግሞ ቦታው ባዶ እንዲሆን አይፈልግም። ስለዚህ ተተኪ ትልካለህ፣ ለተተኪውም ትከፍላለህ። ወሩን በ26 የሥራ ቀን ብንከፍለው የቀኑ ወደ 231 ብር ይመጣል፣ 16 ቀኑ ወደ 3,700 ገደማ፣ በወር ሲካፈል 308 ብር ያህል። ዩኒፎርምና ጫማ በዓመት 2,400 ቢፈጅ በወር 200። ሰው ሲለቅ ሌላ ፈልጎ ለማስገባትና ለማለማመድ 100። የጉዳት ኢንሹራንስ 50። ለ30 ሰው አንድ ሱፐርቫይዘር በ9,000 ብር ብትቀጥር ለእያንዳንዱ 300። ቢሮ፣ ስልክ፣ የባጃጅ ሂሳብ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ በወር 24,000 ብር ለ60 ሰው ሲካፈል 400።

ድምሩ 8,018 ብር ነው። ገና ትርፍ አልነካንም። 8,700 ብለህ ብትሸጥ በአንድ ሰው 682 ብር ይቀርሃል፣ እሱም የትርፍ ግብር ሳይነሳለት።

አሁን ጨረታ ገባህ እንበል። አንተ 8,700 ጻፍክ፣ ጎረቤትህ 7,000 ጻፈ። ደንበኛው ሳቀብህ። ሰውየው 7,000 ብሎ እንዴት ይኖራል? አስማት የለውም። 6,660ው ከወጣ በኋላ የሚቀረው 340 ብር ሱፐርቫይዘሩን ከፍሎ 40 ብር ነው የሚተርፈው። ስለዚህ ወይ ጡረታውን አያስገባም፣ ወይ ፈቃድ አይሰጥም፣ ወይ "6,000" ብሎ ተፈራርሞ ለልጁ 4,500 ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ስለ ኤጀንሲ ሠራተኞች ለዓመታት ሲጮህ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተጠቃሚው ድርጅት የሚከፍለው ሌላ፣ ሠራተኛው እጅ የሚገባው ሌላ። ሰው "ኤጀንሲ" ሲባል ፊቱን የሚያጨማድደው በከንቱ አይደለም፣ ወዳጄ።

እኔ ምን አደርጋለሁ? ሂሳቡን ከነዝርዝሩ ለደንበኛው አሳየዋለሁ። አንድ ገጽ ወረቀት ናት። ደሞዝ ይህ፣ ጡረታ ይህ፣ ፈቃድ ይህ፣ የኔ ይህ። "ሌላው 7,000 አለኝ" ሲለኝ "የትኛውን መስመር እንደሰረዘው ጠይቀው" እለዋለሁ። ሁሉም አይሰማም። የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት በኤጀንሲ ሠራተኛ ክስ ስሙ ተነስቶ የተቸገረ ነው፣ እሱ ደግሞ ጥሩ ደንበኛ ይሆናል።

ስለ ጥበቃ ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ውስጥ እንደ ጥበቃ የሚያሳስት የለም። (ለጥበቃ ሥራ የፖሊስ ማረጋገጫም ይጨመርበታል፣ የንግድ ፈቃድ ብቻ ይዘህ እንዳትሮጥ።) ደንበኛው "አንድ በር አለኝ፣ ሌት ተቀን፣ ሁለት ሰው በቂ ነው" ይላል። አንዱ ቀን አንዱ ማታ። ደስ ይላል ሲሰማ። አሁን ቁጠር። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የሕጉ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው። 168 ለ48 ሲካፈል 3 ተኩል። አንድ በር ሌት ተቀን እንዲጠበቅ ሦስት ተኩል ሰው ያስፈልጋል፣ ሁለት አይደለም።

"ትርፍ ሰዓት ከፍለን እናሠራዋለን" ይሉሃል። በቀን 12 ሰዓት ለ6 ቀን ማለት 72 ሰዓት ነው፣ ከመደበኛው በላይ 24። ሕጉ የሚፈቅደው ትርፍ ሰዓት በሳምንት 12 ነው። የተፈቀደውን እጥፍ አሠራኸው ማለት ነው። ያም ሆኖ ሰባተኛውን ቀን ማን እንደሚጠብቅ ገና አልተነጋገርንም። ትርፍ ሰዓቱም በነጻ አይደለም፤ ቀን ላይ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75 ይባዛል፣ በዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5። ስለዚህ በ8,700 ሂሳብ የአንድ በር ዋጋ 30,450 ብር ነው። በሁለት ሰው ዋጋ 17,400 ብሎ የፈረመ ድርጅት ልዩነቱን ከጥበቃዎቹ እንቅልፍ ላይ ነው የሚወስደው። የበዓል ቀን ተጨማሪ ክፍያን ደግሞ ውሉ ላይ ለብቻው መስመር አድርገህ አስቀምጠው። አረፋና ጥምቀት በመጣ ቁጥር ከደንበኛ ጋር አትከራከርም።

እሺ፣ ዋጋው ተስተካከለ። ትርፍ አለ። ታዲያ ምን ያጣላናል?

ቀን ነው የሚያጣላን።

60 ሠራተኛ አለህ። መስከረምን ሙሉ ሠሩ። መስከረም 30 ላይ ደሞዝ 360,000፣ ያንተ የጡረታ መዋጮ 39,600፣ ባጠቃላይ 399,600 ብር አወጣህ። ጥቅምት 3 ላይ ሂሳቡን ለደንበኛው ላክህ። ውሉ "በ45 ቀን ውስጥ ይከፈላል" ይላል። 45 ቀን ስትቆጥር ኅዳር 18 ትደርሳለህ። በመሃል ጥቅምት 30 አለች። ሠራተኞቹ ጥቅምትንም ሠርተዋል፣ እንደገና 399,600። የመጀመሪያዋን ሳንቲም ከመቀበልህ በፊት ከኪስህ ወደ 800,000 ብር ወጥቷል። ያውም ደንበኛው በቀጠሮው ከከፈለ ነው።

ትርፍህ ስንት ነበር? 60 ጊዜ 682፣ በወር 40,920 ብር። 800,000ውን ከባንክ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ብትበደር በወር 12,000 ብር ለወለድ ይሄዳል። 28,920 ቀረህ። ደንበኛው አንድ ወር ቢያዘገይ ሌላ 399,600 ትጨምራለህ፣ ወለዱም 6,000 ያህል ይጨምራል። ሁለት ወር ቢያዘገይ ሥራህን ሠርተህ፣ ሰው አሰማርተህ፣ ስልክ ላይ ስትጮህ ውለህ፣ ባንኩ ካንተ በላይ እየበላ ነው።

ቫቱንም አትርሳ። 60 ሰው በ8,700 ሂሳብህ 522,000 ብር ነው፣ 15 በመቶው 78,300 ብር። ደረሰኙን በጥቅምት ከቆረጥክ ገቢዎች የጥቅምቱን በኅዳር ይፈልገዋል። "ደንበኛዬ ገና አልከፈለኝም" የሚለው መልስ እዚያ መስኮት ላይ አይሠራም። ያልተቀበልከውን ትከፍላለህ። ቫቱ ከጠቅላላው ላይ ይሰላ ከአገልግሎት ክፍያህ ላይ ብቻ የሚለውን ዋጋ ከመስጠትህ በፊት ከሂሳብ ባለሙያህ ጋር ጨርስ። ከፈረምክ በኋላ የምትጠይቀው ጥያቄ አይደለም።

በቀላል አማርኛ፣ ሠራተኛ አቅራቢ ማለት ለደንበኞቹ ደሞዝ የሚያበድር ትንሽ ባንክ ነው። ሰው ፈልጎ ማምጣቱ ድሬ ላይ ከባድ አይደለም፤ ጠዋት ሳቢያን ብትቆም ሥራ ፈላጊ ታገኛለህ። ከባዱ በሁለቱ ቀኖች መሃል ያለውን ጉድጓድ መሙላት ነው።

የኔን ልንገራችሁ።

የጀመርኩት በ14 የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ደንበኞቼ ትንንሽ ነበሩ፣ የሚከፍሉትም ወር ሳይሞላ ነበር። ሁሉም ነገር ዘይት እንደገባበት ማሽን ይሄድ ነበር፣ እኔም የነገሩ ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ትልቅ መጋዘን መጣ። ስሙ ይቅር። ጫኝና አውራጅ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ በአንድ ጊዜ 40 ሰው። ፈረምኩ። የክፍያ ቀን የሚለውን አንቀጽ ማንበቤን አስታውሳለሁ፣ "ተገቢው ማጣራት እንደተጠናቀቀ ይከፈላል" ነበር የሚለው። ተገቢው ማጣራት! ስንት ቀን ነው? ማን ነው የሚያጣራው? አልጠየቅኩም። 40 ሰው ነዋ።

የመጀመሪያውን ወር ካጠራቀምኩት ከፈልኩ። ሁለተኛውን ከእህቴ ተበድሬ ከፈልኩ። ሦስተኛው ወር 30 ሞላ፣ ከመጋዘኑ ቼክ የለም። ፋይናንስ ጋ ስሄድ "ፈራሚው አዲስ አበባ ነው"፣ በሌላ ቀን ስሄድ "መጥቷል፣ ግን ከሰዓት ነው የሚገባው"፣ ከሰዓት ስሄድ ደግሞ ድሬን ታውቋታላችሁ፣ በዚያ ሙቀት ከሰዓት ማን ይገኛል፣ የጫት በርጫው ሲያልቅ ቀኑም አብሮ አልቋል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጥበቃዎቹ አንዱ ቢሮ መጣ። ዕድሜው የገፋ፣ ድሮ ለገሃር ባቡሩ ጋ የሠራ ሰው ነው። "ጋሼ ግቡ" አልኩት። ተቀመጠ። ስለ ደሞዝ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከኪሱ ፊሽካውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎ የእጅ ባትሪውን አስቀመጠ፣ አስተካክሎ፣ መስታወቱን ወደኔ አዙሮ።

"ልጄ፣ ይሄን ለማን ነው የማስረክበው?" አለኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ "ነገ ነው፣ ነገ ነው" ስል የነበረ አፌ ተያዘ። ሞተር ብስክሌቴን የሸጥኩት በዚያው ቀን ነው፤ ቀፊራ አካባቢ ካለ ሰው ጋር ከምሳ በፊት ተስማማን፣ ዋጋውን እንኳ አልተከራከርኩም። 11 ሰዓት ላይ ደሞዝ ተከፈለ። ለሁሉም አልበቃም፣ ለጥበቃዎቹና ልጅ ላላቸው ቅድሚያ ሰጠሁ፣ ሌሎቹን ፊት ለፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስድስት ልጆች በዚያው ሳምንት ለቀቁ። ልክ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ውል ሳነብ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን አይደለም፣ የክፍያ ቀኑን ነው። 8,700 በ45 ቀን ከሚከፍለኝ 8,500 በ10 ቀን የሚከፍለኝ ይሻለኛል። "በ15 ቀን" ብዬ እጀምራለሁ፣ በ30 ካልሆነ የመጀመሪያ ወር ቅድሚያ ክፍያ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ "እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም" ይላሉ። ቅድሚያ ክፍያ የማይሰጥ፣ በ30 ቀንም የማይፈርም ደንበኛ ከሆነ ብዛቱን አሳንሳለሁ። 40 ሲለኝ በ12 እጀምራለሁ። ሦስት ወር በቀኑ ከከፈለ እጨምራለሁ። ይሄ ኩራት አይደለም፣ አቅም ነው። ሂሳቡንም 3ኛው ቀን አልጠብቅም፣ የሰዓት መቆጣጠሪያውን በየሳምንቱ በደንበኛው ኃላፊ እያስፈረምኩ ወር ባለቀበት ዕለት አስገባለሁ። ብዙ መዘግየት የሚመጣው ከክፋት አይደለም፣ "ይሄ ሰውዬ በ14 አልገባም ነበር" ከሚል የፊርማ ክርክር ነው።

ማደግ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው አደገኛ የሚሆነው። በሌላ ንግድ ውስጥ ትልቅ ትዕዛዝ ሲመጣ ድግስ ነው። እዚህ ግን 100 ሰው የሚጠይቅ ውል ስታሸንፍ በወር 666,000 ብር፣ በሁለት ወር ከ1.3 ሚሊዮን ብር በላይ ከኪስህ ማውጣት አለብህ፣ ትርፉ ገና በወረቀት ላይ ነው። ባንክ ደግሞ ቤት ወይም መኪና ማስያዣ ካላመጣህ "የተፈረመ ውል አለኝ" ብትለው ፈገግ ብሎ ያሰናብትሃል። ስለዚህ ሥራ ስላጣ ሳይሆን ሥራ ስለበዛበት የሚወድቅ ድርጅት የምታየው በዚህ ዘርፍ ነው።

ሌላው የእድገት ወጥመድ አንድ ደንበኛ ላይ መንጠልጠል ነው። ከ60ው ሠራተኛ 40ው አንድ ቦታ ካሉ አለቃህ እሱ ነው። በድንገት "ውሉን አላድስም" ቢል ምን ይሆናል? 40ውን ሌላ ቦታ መመደብ ካልቻልክ የሠራተኛ ቅነሳ ነው፣ ቅነሳ ደግሞ ዋጋ አለው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጣለህ። የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። በቅነሳ ጊዜ ሌላ የ60 ቀን ደሞዝ ይታከልበታል። ሦስት ዓመት ለሠራ ሰው 30 ሲደመር 20 ሲደመር 60፣ 110 ቀን። ቀኑን በ200 ብር (6,000ው ለ30 ቀን ሲካፈል) ብናሰላው 22,000 ብር፣ ለ40 ሰው 880,000። በ60 ሰው ዓመት ከዘጠኝ ወር በላይ ለፍተህ ያገኘኸው ትርፍ በአንድ ደብዳቤ ሄደ። መድኃኒቱ ከደንበኛው ጋር ባለህ ውል ላይ ነው፤ እሱ ላንተ የሚሰጥህ ማስጠንቀቂያ አንተ ለሠራተኛህ ከምትሰጠው ማነስ የለበትም። "በ15 ቀን ማስታወቂያ ማቋረጥ ይችላል" የሚል ውል ካየህ እስክሪብቶህን ኪስህ መልሰው።

ጉዳትም እንዲሁ ነው። ፎርክሊፍት ገጭቶት አንድ ልጅ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው ካሳው የአምስት ዓመት ደሞዝ ሊደርስ ይችላል። በ6,000 ብር ሂሳብ 360,000 ነው። ቅድም 50 ብር ብዬ ያለፍኳት የኢንሹራንስ መስመር አሁን ትልቅ ሆነችብህ አይደል?

ታዲያ የት ነው የሚታደገው? እዚህ ላይ ድሬ ዕድለኛ ናት። ባቡሩና የጅቡቲ መንገድ አለ፣ በ2014 የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጠና አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ሲሚንቶ አለ። ሁሉም ጥበቃና ጽዳት ይፈልጋል፣ ግን ጥበቃና ጽዳት ላይ አሥር ሰው ተሻምቶ ዋጋውን አውርዶታል። የፎርክሊፍት ኦፕሬተር፣ ስቶር ኪፐር፣ የትራንዚት ሥራ የሚያውቅ ልጅ፣ ማቀዝቀዣ የሚጠግን ቴክኒሻን (በድሬ ሙቀት!) ሲጠየቅ ግን ደንበኛው ስለ ዋጋ ብዙ አያወራም፣ "መቼ ይመጣል?" ነው የሚለው። እኔ አሁን ትርፌን የማገኘው ከነዚህ ነው፣ በተለይ በማገናኘት በኩል። ምክንያቱም ማገናኘት ውስጥ ደሞዝ አታበድርም። ኦፕሬተሩን አገናኘህ፣ የአንድ ጊዜ ክፍያህን ተቀበልክ፣ አለቀ። ገንዘቡ በየወሩ አይመጣም፣ ግን ጉድጓድም አይቆፍርም። ከማሰማራቱ ጋር ስታደባልቀው አንዱ ሌላውን ይደግፋል።

ጊዜያዊ ሥራም አለ። ቁልቢ ገብርኤል ሲደርስ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ሆቴሎች ጢም ብለው ሞልተው አስተናጋጅና ክፍል የሚያጸዳ ሰው ያጣሉ። የሚገርመው በዚያው ሳምንት ያንተ ሠራተኛ ግማሹ "ስለት አለብኝ፣ ቁልቢ ነኝ" ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ተጠባባቂ ስም ዝርዝርህን በኅዳር ነው የምታዘጋጀው። ሐረርም ቅርብ ነው፣ ሥራም አለው፣ ግን ሌላ ክልል መሆኑን አትርሳ፤ ውል ከመፈረምህ በፊት ፈቃድህ እስከዚያ የሚያሠራህ መሆኑን ቢሮው ሄደህ አረጋግጥ።

ሰው አመራረጥ ላይ ብዙ አልልም፣ ሁለት ነገር ብቻ። ድሬ ላይ በር የሚጠብቅ ሰው አማርኛ ብቻ ከቻለ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ሹፌሩ በሶማልኛ ይመጣል፣ ጫኙ በኦሮምኛ። ስለዚህ ቃለ መጠይቁን በሦስቱም አድርገው፣ ትምህርት ማስረጃ ከማየትህ በፊት። ሁለተኛ፣ ተያዥ አምጣ የሚለው ልማድ ለጥበቃ ይሁን፣ ለጽዳት ሠራተኛ ግን ደሞዝተኛ ተያዥ ስትጠይቅ ጎበዞቹን ታባርራለህ፣ ምክንያቱም ከገጠር የመጣች ልጅ ድሬ ላይ ማንን ታውቃለች? ለመፈተኛ ሕጉ 60 የሥራ ቀን ሰጥቶሃል፣ በእሱ ተጠቀም። የሚለቅ ሰው ደግሞ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው የሚለቀው፣ ብዙ ጊዜም በትራንስፖርት። ፓርኩ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ሰርቪስ ከሌለ የልጁ ባጃጅ ደሞዙን ይበላዋል። ዋጋ ስታወጣ ሰርቪሱ በማን ነው የሚለውን ጠይቅ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር፣ ያም ሌላ ታሪክ ነው።

የመጋዘኑ ቼክ? መጣ። በሰባተኛው ወር። ሞተር ብስክሌቱን መልሼ አልገዛሁም፣ ገንዘቡን ለብቻው ባንክ አስገባሁትና "የደሞዝ" ብዬ ስም ሰጠሁት፤ ለሌላ አይነካም። አሁን የሁለት ወር ደሞዝ እዚያ ከሌለ አዲስ ውል አልፈርምም።

ጋሼ ዛሬም ከኔ ጋር ነው፣ የማታ ሺፍት ሱፐርቫይዘር ሆኗል። በየወሩ 28 አካባቢ ይደውልልኛል። ስለ ደሞዝ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። "ልጄ፣ ደህና ነህ? ይቺ ባትሪ ድንጋይ ልትጨርስ ነው መሰለኝ" ይለኛል። እኔም "30 ላይ ይደርሳል ጋሼ" እለዋለሁ።